የአክስቴ ቁስል

በጃንሆይ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ የተቆጣኝን ሁሉ እመታ ነበር። አባቴ ሲመረው አርብ ገበያ ከተማ ላለች እኅቱ ሰጠኝ፤ «እዚህም ካስቸገረ ልጄ አይደለም» ብሎ ሄደ። ሳምንት ሳልቆይ እጇን ነከስሁት። ዓርብ ዕለት አባቴ ለገበያ መጥቶ ቤት ሲገባ፣ በጨርቅ የታሰረውን እጇን አየ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ማጭድ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ገብስ ሳጭድ።»

ነገሩን የሚያውቀው ባሏ፣ «ጥርሱ ስል ነበር» አለና ወደ እኔ ተመለከተ። አንገቴን ደፋሁ።

«ይሄስ አላስቸገረሽም?» አላት አባቴ።

«ምን ሲደረግ! ቁስሌን በሙቅ ውሃ የሚያጥብልኝ እሱ አይደል?»

አጥቤላት አላውቅም። ስለ እኔ ደግ ሲወራም ሰምቼ አላውቅም ነበር። አባቴ ዱላውን አንሥቶ ሲወጣ፣ ውሃ ጣድሁ። አክስቴም ጨርቁን መፍታት ጀመረች።