ወላዶችን የምታሻግረው ጀልባ

አንድ ሽማግሌ ከደቅ ደሴት በታንኳ ተሻግረው ባሕር ዳር፣ እኔ የምሠራበት የክልል ቢሮ መጡ። የደሴቱን ወላዶች ወደ ሐኪም የምታሻግረው ሞተር ጀልባ ከተበላሸች ሰንብታለች። «ይኸማ የወረዳ ሥራ ነው፣ አባቴ» አልኋቸው። «ወረዳው ዞን ሂድ አለኝ፤ ዞኑ ደግሞ ክልል አለኝ። ምራቴ ወሯ ገብቷል፣ ልጄ» አሉ።

ወረዳው ዘንድ ደወልሁ። ስልኩን ያነሣው ሰው «ክልል ካላዘዘን አንነካትም» አለኝ። ኃላፊዬን ከስብሰባ አስጠርቼ ብነግረው «በዞን በኩል ይምጣ» ብሎ ተመልሶ ገባ። ይህንኑ ስነግራቸው ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። እንዲያው ብቻቸውን ቢሄዱ ከበደኝና እስከ ሐይቁ ዳር ሸኘኋቸው። ሲሳፈሩ እጄን ያዝ አድርገው «እግዜር ይስጥህ፤ የሰማኝ አንተ ብቻ ነህ» አሉኝ። ከመስማት በቀር ያደረግሁላቸው ነገር አልነበረም። ጀልባዋ ዛሬም እንደቆመች ናት፤ ምራታቸው እንዴት እንደሆነች ግን ደፍሬ አልጠየቅሁም።