ቋንቋ የጠፋት አስተርጓሚ

«ፈተናው ላይ አጠገቧ ተቀምጠሽ ዝም አልሽ፣ አላልሽም?» አለች የልጅቷ አክስት ደግማ።

ከዳይሬክተሩ ቢሮ ደጃፍ ወንበር ላይ የተቀመጠችው አስተርጓሚ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፣ አማርኛ እንደጠፋት በአጭር እንግሊዝኛ መለሰች። በዚህ ባዕድ አገር ትምህርት ቤቱ የቀጠራት እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች ጥያቄውን በቤታቸው ቋንቋ እንድታስረዳ ነበር። ልጅቷ ጥያቄው ሳይገባት ባዶ ወረቀት መለሰች፤ ዛሬ ዳይሬክተሩ በዕድሜ ከሚያንሷት ልጆች ክፍል ሊያስገባት ነው።

አክስትየዋ ክርክሩን ተወችው። ኮሪደሩን ወደሚወለውሉት አማርኛ የሚያውቁ ሴትዮ ዞረች፤ ፊቷ በአንድ ጊዜ ማር ማር አለ።

«እንደምን ዋሉ እትዬ? ወገብዎ ተሻለዎት? ወለሉስ እንዴት ያበራል! ፊት ያሳያል እኮ... ፊት ላለው።

«እኛ ሰፈር አንዲት የታደለች ልጅ አለች። ሌላው ሰው አዲስ ቋንቋ ሲገባለት አሮጌው ጠጋ ብሎ ቦታ ይሰጠዋል። የሷ ግን ጨዋ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ቤቱን ለቆ ወጣ! እኛማ ስስታሞች፣ ሁለቱንም ካልያዝን እንላለን። ይቺ የኔዋ በአማርኛ ትቆጥራለች፣ በእንግሊዝኛ ትጫወታለች... ምን ታድርግ፣ ያልሠለጠነ ጭንቅላት!

«ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የሷ ዝምታማ ጭራሽ ደሞዝ ይከፈለዋል። ሙያ ነው እትዬ! ደግሞ መርሳቷ ሰዓት ያውቃል። ባለፈው የመኪና በር ጣቷን ሲቆነጥጣት «ወይኔ እናቴ!» ያለችው በየትኛው ቋንቋ ይሆን?...»

የአስተርጓሚዋ አውራ ጣት ስልኩ ላይ ቀጥ አለ። አክስትየዋ አየችው፤ ድምጿን ይበልጥ አለሰለሰች።

«ብቻ ክፉ አይንካት። ፈጣሪ ይባርካት፣ በልጅ ላይ ልጅ ይስጣት። ልጆቿም ቁርጥ እሷን ይሁኑላት! አርጅታ ከአልጋ ስትውል፣ ውሃ ስጡኝ ስትላቸው... እንደሷው በሠለጠነ አንደበት ይመልሱላት። አሜን ይበሉ እንጂ እትዬ!»

ሴትዮዋ አሜን ሳይሉ የዳይሬክተሩ በር ተከፈተ። ሰውየው ልጅቷን እያየ በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ፤ መጨረሻው ጥያቄ ይመስል ነበር። አክስትየዋ የልጅቷን እጅ ጭብጥ አድርጋ፣ ምን እንዳለ የሚነግራት ፍለጋ ወደ ወንበሩ ዞረች።

አስተርጓሚዋ ቦርሳዋን አንግታ፣ እርጥቡን ወለል እየረገጠች ወደ መውጫው እየሄደች ነበር።