ከቪላው በፊት ማን ነበር?

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት አጠገባቸው የተቀመጠውን ወጣት ጠየቁት።

«ምን ትሠራለህ ልጄ?»

«የታሪክ ተመራማሪ ነኝ፤ ዶክትሬቴን እየጨረስኩ ነው።»

«በዚህ ዕድሜህ ተማሪ? የእኔ ልጅ እኮ ባንተ ዕድሜ ቤት ሠርቷል።»

«ይባርክለት።»

«የሞተ ሰው ስም እየለቀሙ እንጀራ ይበላል?»

«ያሉትንም እጠይቃለሁ አባባ። እርስዎ የት ይኖራሉ?»

«አያት፣ የራሴ ቪላ ውስጥ።»

«ከቪላው በፊት ቦታው ላይ ማን ነበር?»

«ማንም። ባዶ ሜዳ ነበር።»

«ጤፍ የሚዘሩ ገበሬዎች ነበሩበት። ስማቸውን ልንገርዎት?»

«ወራጅ አለ!» አሉ አዛውንቱ።

«አያት እኮ ገና ነው አባባ» አለ ወጣቱ።

በማግስቱ ጠዋት ስለ ቤቴ ጌታን አመስግኜ ስወጣ፣ ኮንዶሚኒየማችን ሳይሠራ በፊት ጀምሮ እዚያው የኖሩትን፣ በራችን ላይ ጎመን የሚሸጡልኝን እናት ስማቸውን ጠየቅኳቸው።