ሰባት ጥርስ ወይስ ስምንት

(ኮምቦልቻ፣ ከቀትር በኋላ፤ በጋሽ አሊጋዝ ጋራዥ ውስጥ የቡርቃ ታች መንደር ማኅበር ባለ ሁለት ዲፈረንሻል የጭነት መኪና ጎማዎቿ ወልቀው ግንድ ላይ ተቀምጣለች፤ አሮጌው መካኒክና ሾፌሩ ይመር አጠገቧ ቆመው ይከራከራሉ።)

ይመር፦ ባለ ሰባት ጥርሱን ይግጠሙልኝ ነው ያልኩት፣ ጋሼ። ባለ ስምንቱን ማን ጠየቀ?

አሊጋዝ፦ መኪናዋ።

ይመር፦ መኪናዋማ አፍ ቢኖራት ያን ቀን ዳገቱ ላይ በነገረችኝ።

አሊጋዝ፦ ነግራህ ነበር እንጂ። ሞተሯ እያቃሰተ፣ ፍሪሲዮኗ እየሸተተ። ያልሰማሃት አንተ ነህ።

ይመር፦ ይኸው አሁን እየሰማሁ ነው። በመስከረም ትልልቁን ጎማ ካሰርንላት ወዲህ ጉልበት ከዳት። የወንዙን አሸዋ እንደ ጉድ ትሻገራለች፤ ቀይ አፈር ዳገት ስትደርስ ግን ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ቆም ትላለች። ነገሩ ጥርሱ ነው ያሉኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት።

አሊጋዝ፦ ጥርሱ ነው ብያለሁ። ጥርሱ ብቻ ነው አላልኩም። ጠጋ በል። የድሮው ጎማ አንዴ ሲዞር ሁለት ሜትር ተኩል ይወስድሃል። አዲሱ ሁለት ሜትር ከሰማንያ ይወስድሃል። በየዙሩ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር አስረዝመን አራምደናታል፤ ሞተሩ ግን ያው የድሮው ሞተር ነው። አጭር ሰውን ከረጅም ሰው እኩል ተራመድ ብትለው ሜዳውን እንደምንም ይሞክራል፤ አቀበት ላይ ይለግማል።

ይመር፦ ታዲያ እርምጃውን ማሳጠር ነዋ።

አሊጋዝ፦ ነው። አሁን ዲፈረንሻሏ ውስጥ ያለው ፒኞን፣ ትንሹ ጥርሳም ብረት ማለቴ ነው፣ አሥር ጥርስ አለው። ትልቁ አርባ አንድ። ትንሹ አራት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። ባለ ስምንቱን አብሮት ከሚመጣው ባለ ሠላሳ ዘጠኝ ትልቅ ጋር ብገጥምልህ ትንሹ አምስት ጊዜ ሊዞር ጥቂት ሲቀረው ጎማው አንዴ ይዞራል። ጉልበቷ ጎማ ከመቀየሯ በፊት ከነበረው እንኳ ትንሽ ይበልጣል።

ይመር፦ ሰባቱስ?

አሊጋዝ፦ እሱ ከባለ ሠላሳ ሰባቱ ጋር አምስት ከሩብ ይመጣል።

ይመር፦ ከዚያማ ምን እንከራከራለን? ለዳገት የበዛው አይሻልም?

አሊጋዝ፦ ለዳገቱማ ይሻላል። ከዳገቱ በኋላ ግን አስፋልት አለ፤ እስከ ሐኪም ቤቱ ስልሳ ኪሎ ሜትር። ድሮ ሰማንያ ስትነዳ ትሰማው የነበረው ጩኸት አሁን ሰባ ላይ ይመጣብሃል። ነፍስ ይዘህ መብረር ሲገባህ ሜዳው ላይ ትንፏቀቃለህ።

ይመር፦ ልንፏቀቅ። ዳገቱን ወጥቶ መንፏቀቅም ወግ ነው።

አሊጋዝ፦ ሌላም አለ። እንካ፣ ሁለቱንም በእጅህ ያዛቸው። ባለ ሰባቱ አንገቱ አይቀጥንም? ጥርሱ በቀነሰ ቁጥር ይቀጥናል። ጭነት ተሸክማ ድንጋይ ላይ አንዴ ስትንገጫገጭ ቀረጥፍ ይላል። ያኔ ጎትቶ የሚያወጣህ እንኳ አታገኝም።

ይመር፦ ጭነት ካልበዛ አይሰበርማ።

አሊጋዝ፦ ካልበዛ አይሰበርም። ለዚህ ነው ከጠዋት ጀምሮ የምጠይቅህ። ያን ቀን ምን ጭነሃል?

ይመር፦ ነገርኩዎት እኮ። ዘምዘም ምጥ ይዟት ነበር፤ ጋቢና አስቀመጥናት። ባሏ እብሬ ደግፏት ተቀመጠ። እኔ ነዳሁ።

አሊጋዝ፦ ሦስት ሰው።

ይመር፦ ሦስት ሰው።

አሊጋዝ፦ ሦስት ሰው ይዛ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ሁለቱም ዲፈረንሻል ገብቶላት፣ አልወጣም አለች።

ይመር፦ አልወጣም ብቻ? ወደ ኋላ ተንሸራተተች እንጂ። እብሬ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ባያደርግ ገደል ነበርን። ከዚያ ፍሪሲዮኑ ጨሰ፣ አለቀ። ከላይ ካሉት ገበሬዎች አራት ሰው ጠርተን በቃሬዛ አወጧት። ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። አስፋልቱ ላይ ሌላ መኪና አገኙ፤ እሷ ተረፈች፣ ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ። የቀረውን ያውቁታል።

አሊጋዝ፦ አውቀዋለሁ።

ይመር፦ እንግዲህ አርብ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። መኪናዋ ለምን ቆመች ብለው ሊጠይቁኝ ነው። ሌላ ሾፌር እንፈልግ የሚሉም አሉ። እርስዎ መጥተው አንዲት ቃል ቢናገሩልኝ ያበቃል። ጥፋቱ የጥርሱ ነበር፣ አሁን ትልቁን ጉልበት ሰጥቻታለሁ፣ ይበሉልኝ። የእርስዎን ቃል የሚያጥፍ የለም።

አሊጋዝ፦ ሰባቱን የፈለግኸው ለዳገቱ ነው ወይስ ለአርብ?

ይመር፦ ለሁለቱም ቢሆን ምን ክፋት አለው?

አሊጋዝ፦ ክፋትማ የለውም። ግን መጀመሪያ የራሴን ልንገርህ። በመስከረም ጎማውን ሳስርልህ ጥርሱ መቀየር እንዳለበት አውቅ ነበር። በእጄ አልነበረም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። አንተ ወንዙ ሳይሞላ ልግባ ብለህ በር ላይ ቆመህ ትጣደፋለህ። ቀስ ብለህ ንዳት አልኩና ሸኘሁህ። ቀስ ብለህ ንዳት መካኒክ ሥራውን ሳይጨርስ ሲቀር የሚላት ቃል ናት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ይኸው ተፈታ። አርብ የምመጣው ይህን ልናገር ነው። ባትጠራኝም እመጣ ነበር።

ይመር፦ ጋሼ፣ እርስዎን ማን ወቀሰ?

አሊጋዝ፦ ሌሊት ሌሊት የሚወቅሰኝ አላጣሁም። ልጁ ከሞተ በኋላ ጥርስ ልቀይር ሳስብ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት እኔን ይመስለኛል።

ይመር፦ እንግዲያውስ የሁላችንም መልስ አንድ ነው። ጥርሱ።

አሊጋዝ፦ የኔ ድርሻ ጥርሱ ነው። ያንተን ልጠይቅህ ነው። ያቺን መኪና ከሥር ገብቼ አይቻታለሁ፣ ይመር። ጭነቱን የሚሸከመው የኋላው ባሌስትራ ሁለት ብረት ተሰብሯል። ስብራቱ ገና አልዛገም። ጋቢና የተቀመጠች ሴት የኋላ ባሌስትራ አትሰብርም።

ይመር፦ አሮጌ ነበር እኮ።

አሊጋዝ፦ በመስከረም እኔ ነኝ አዲስ ያሰርኩላት። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም። ጥርስ የሚመረጠው በሚሸከመው ነው። ስድስት ኩንታል ብለህ ሃያ የምትጭን ከሆነ ሰባቱም ስምንቱም አያወጣህም፤ እኔም የሚቀጥለውን ሰው ሬሳ አብሬህ ተሸከምኩ ማለት ነው።

ይመር፦ ማን ምን ነገረዎት?

አሊጋዝ፦ እብሬ ማክሰኞ እዚህ መጥቶ ነበር።

ይመር፦ እብሬ? እዚህ?

አሊጋዝ፦ እዚያ በርሜል ላይ ተቀመጠ። ሻይ ላምጣ ብለው አይ አለ። ለመኪናዋ ደህና ጥርስ ይምረጡላት፣ የሌላ ሰው ሚስት በዚያ መንገድ ትመጣለች አለኝ። እኔም ያንን ጥያቄ ጠየቅኩት። ኋላ ላይ ምን ነበረ አልኩት።

ይመር፦ ምን አለ?

አሊጋዝ፦ ባዶ ነበረች አለ። ዓይኔን ሳያይ ነው ያለው።

ይመር፦ ባዶ ነበረች አለ...

አሊጋዝ፦ እንዲያ አለ።

ይመር፦ በየቀኑ ጠዋት ከኔ ቀድሞ ሰላም የሚለኝ እሱ ነው፣ ጋሼ። ቤቱ ከቤቴ ፊት ለፊት ነው። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ እመርጥ ነበር። እንዴት አደርክ ይለኛል፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ይለኛል። እኔ ቶሎ እግሬን አነሳለሁ።

አሊጋዝ፦ ስንት ነበረ?

ይመር፦ አሥራ ስድስት።

አሊጋዝ፦ አሥራ ስድስት ኩንታል?

ይመር፦ ማሾ። ከላይ ገበያ ያለ አንድ ነጋዴ አምጣልኝ ብሎኝ ማለዳ ጭኜ ሸራ አልብሼው ነበር። ማኅበሩ አያውቅም። ታማሚ ሲኖር ጭነት አይጫንም የሚል ደንብ አለን፤ ደንቡ ሲጸድቅ እጃቸውን ካወጡት አንዱ ነኝ። ልሄድ ስል እብሬ እየሮጠ መጣ። ዘምዘምን ደግፈው አመጧት። እሱ ሸራውን አየው። ይመር፣ እናውርደው? አለኝ። ሰው ጠርተን እናውርደው፣ ግማሽ ሰዓት ነው አለኝ።

አሊጋዝ፦ አንተስ?

ይመር፦ ትወጣለች፣ አይዞህ አልኩት። ያቺ ትልቅ ጎማ አኩርታኝ ነበር። አሸዋውን ስሻገር መንደሩ ሁሉ ቆሞ ያየኝ ነበር። ደግሞም ባወርደው ማሾው ይታያል። እሷ ታቃስታለች፣ እሱ እኔን ያያል፣ እኔ ሞተር አስነሳሁ።

አሊጋዝ፦ እሺ።

ይመር፦ የከፋው እሱ አይደለም። እነሱ በቃሬዛ ይዘዋት ከሄዱ በኋላ ብቻዬን ቀረሁ። ማሾውን አንድ በአንድ እየጎተትኩ ከመንገዱ ዳር ጣልኩት። ፍሪሲዮኑ እስኪበርድ ቁጭ አልኩ። ከዚያ፣ መኪናዋ ትሞት እንደሆን ትሙት ብዬ ማርሽ አስገባሁ።

አሊጋዝ፦ ወጣች።

ይመር፦ ወጣች፣ ጋሼ። በዚያ ባለቀ ፍሪሲዮን፣ በዚያው ጥርስ፣ በዚያው ጎማ። እያቃሰተች ወጣች። ጫፍ ስደርስ ቃሬዛው የለም፣ ሌላ መኪና ወስዷቸዋል። እዚያ ጫፍ ላይ ወርጄ ጎማውን በእግሬ መታሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሰው ሁሉ ጥርሱ ነው፣ ጥርሱ ነው እላለሁ። አንዳንዴ ለራሴም እውነት ይመስለኛል።

አሊጋዝ፦ ጥርሱም ነበረበት። ጥርሱ ልክ ቢሆን አሥራ ስድስቱን ይዛም ምናልባት ትወጣ ነበር። ማሾው ሲወርድላት ደግሞ በተሳሳተውም ጥርስ ወጥታለች። አየህ፣ አንዳችን እንኳ የድርሻችንን ብናደርግ ኖሮ...

ይመር፦ አይጨርሱት።

አሊጋዝ፦ እሺ፣ አልጨርሰውም።

ይመር፦ እብሬ ለምን ባዶ ነበረች አለ? ምን አስቦ?

አሊጋዝ፦ እኔ እንጃ። ምናልባት አንተን ካጣ መንደሩ ሌላ ሾፌር የለውም ብሎ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ እናውርደው ብሎ ድርቅ አለማለቱ እሱንም ይበላው ይሆናል። ሐዘን ያቃጠለው ሰው ነው፣ ምክንያቱን ልጠይቀው አልቻልኩም። ግን አርብ ሽማግሌዎቹ በመሐላ ሲጠይቁት ምን ይበል? ልጁን ቀብሮ ላንተ በሐሰት ይማል?

ይመር፦ አያደርገውም።

አሊጋዝ፦ ያደርገዋል። ለኔ አድርጎታል።

ይመር፦ ጥርሱ መቼ ያልቃል?

አሊጋዝ፦ የፊቱንም የኋላውንም እኩል መቀየር አለብኝ። አንዱን ብቻ ብቀይር አንዱ ወደ ቆላ፣ አንዱ ወደ ደጋ እንደሚል ባልና ሚስት ይጓተታሉ። ባሌስትራውም፣ ፍሪሲዮኑም አለ። ሐሙስ ማታ ይደርሳል። አርብ ማለዳ አብረን እንወርዳለን፣ አንተ ትነዳለህ፣ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ እኔ እናገራለሁ። ከኔ ቀጥሎ አንተ።

ይመር፦ አይ። ዛሬ የሚወርድ አውቶቡስ አለ?

አሊጋዝ፦ አሥር ሰዓት ላይ አለ። ምነው?

ይመር፦ በዚያ እሄዳለሁ። እብሬ ለኔ ሲል ከመማሉ በፊት በሩን ላንኳኳ። ስምንቱን ይግጠሙላት፣ ጋሼ። ቁልፉ ይኸው። መጥቶ የሚነዳት ማን እንደሆነ ማኅበሩ ይነግርዎታል።