ጭቃ ያልነካት መኪና

«ሰማዩ እንዴት ጠርቷል ኒዕማዬ… ስም ማውጫ ቀን እንዲህ ሲሆን ነው ደስ የሚለው። ጡትሽንስ በደንብ ያዘልሽ? ማሻአላህ፣ ጉንጩን እይልኝ እስቲ።»

ዘምዘም ደስታው አላስቀምጥ ብሏታል። የእህቷ ልጅ ሰባት ቀኑን ደፍኖ ዛሬ ካላክላ ሰፈር፣ በአባቱ በይማም ግቢ፣ ስም ይወጣለታል። በጉ ታርዷል፤ ሽማግሌዎቹ በረንዳው ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል። ከሁሉም በላይ ባለው የክብር ቦታ፣ ለመኝታ ክፍሉ መስኮት ጀርባውን ሰጥቶ፣ የይማም ታላቅ ወንድም ተቀምጧል። ስም አውጪው እሱ ነው፤ ለልጁ የራሱን ስም ሊሰጠው መቁረጡን ያልሰማ ጎረቤት የለም። ዘምዘም ደግሞ ያ ስም በዚህ ልጅ ላይ እንዳይወርድ ቆርጣለች። መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችና ወደ እህቷ ዞረች።

«አንድ የማውቃቸው ሰው መኪና ገዝተዋል… ስም መጥራት ምን ያደርጋል? ሐሜት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ግን ስታምር እቴ! መካከለኛ ናት፤ ለመንደር አትገዝፍ፣ ለበረሃ አታንስ። አራቱም ጎማዋ ይጎትታል። ከፍታዋ ያ የታረደው በግ አንገቱን ሳይሰብር ከሥሯ ያልፍ ነበር። ለአሸዋና ለዳገት ብቻ የሚገባ ከባድ ማርሽ አላት። አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ቢሽከረከር ዲፈረንሻሏ ይቆለፍና ሌላው ያወጣታል። ውሃ ቢሞላባትም በጣሪያዋ በኩል ነው የምትተነፍሰው። ፊቷ ላይ የሰመጠ የምትጎትትበት የብረት ገመድ ተጠቅልሏል… ከየት አወቅሽው አትይኝም? ዐርብ ዐርብ ምሳ በበላን ቁጥር ሲያስጠኑን ነዋ። እዚሁ ከተማ ሪያድ ሰፈር የምሠራበትን ቤት ምድጃ እንኳ ወላሂ እንዲህ አላውቀውም።»

በረንዳው ላይ አንድ ሰው ሳል ያዘው። ዘምዘም ሳቋን ዋጠች።

«ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው ይባል የለ? ባለፈው ዐርብ ፈረሷ ግቢ ቆማለች፤ ጭቃው ደጅ ተኝቷል። ዝናቡ ሰፈሩን አጥለቅልቆ፣ አንቺን ምጥ ይዞሽ፣ ይማም ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ሰፈር ሥራ ላይ ሆኖ፣ ድልድዩ ተዘግቶበት… ያን ጊዜ እሳቸው ምን አሉ? ‹ሮዳጅ አልጨረሰችም› አሉ። እውነታቸውን ነው። አዲስ ሞተር ሳይፍታታ አያስጨንቁትም። ምጥ የያዛት ትጨነቅ እንጂ ሞተር ምን አጠፋ? ደግሞ የወንበሯ ፕላስቲክ ገና አልተነሳ… ደም ቢነካውስ? እንዲህ ለዕቃው የሚሳሳ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?»

ኒዕማ ፊቷን በለበሰችው ቶብ ጫፍ ሸፈነች። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ያ ነጂብ፣ ባለሪክሻው… ምስኪን፣ ያለችው ሦስት ጎማ ናት። በር የላት፣ ከባድ ማርሽ የላት፣ የምትተነፍሰውም ከታች። መንገድ ላይ ሞተሯን ውሃ ገባውና ቀጥ አለች። ምን ያድርግ? ሱሪውን ሰብስቦ ወረደና እስከ ጉልበቱ እየሰመጠ ገፋት። እኔም ከኋላ። ሐኪም ቤት ደጅ እስክንደርስ ‹አብሽሪ እህቴ› ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። ያልተማረ ስለሆነ ይሆናል፤ ሮዳጅ የት ያውቃል? … ስሙ ግን አያምርም? ነጂብ። ለወንድ ልጅ ይሄዳል። ኧረ እኔ ምን አገባኝ፣ ስም የሚያወጣ ትልቅ ሰው እያለ… የሰው ትልቅነት የሚታየው እንዲህ ባለ ቀን ነው፣ አይደል?»

በረንዳው ላይ ይማም ወንድሙን አየው፤ ሽማግሌዎቹም አዩት። ሰውየው የመኪናውን ቁልፍ ከምንጣፉ አንስቶ ኪሱ ከተተና ብድግ አለ። ከበሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ የነበረውን ነጂብን በእጁ ጠራው፤ በገዛ ቦታውም አስቀመጠው። ይማም ልጁን አቅፎ ወጣ፤ በጆሮው አዛን ተባለለትና ነጂብ ተባለ።

ዘምዘም እልል ብላ ስታበቃ መስኮቱ ሥር ተንበርክካ ሁለት እጇን ዘረጋች። ድምጿ ማር ሆነ።

«አሚን በይ ኒዕማዬ። እኒያን የማውቃቸውን ሰው አላህ ዕድሜ ይስጥልኝ። መኪናቸውን ከጭረት ይጠብቅላቸው። ዘንድሮ ያገቧት ሙሽራቸውም ቤት ሙሉ ልጆች ትውለድላቸው… ሁሉንም በበጋ።»