ከሸክላው የጎደለው ማሲንቆ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው፤ ከአትላንታ ወደ ሊቶኒያ በሚሄደው ባስ ከፊቴ አንድ ወጣት አዲስ ሸክላ ታቅፎ ተቀምጧል። አጠገቡ ያሉት ሴት ሐበሻነቱን አይተው ወሬ ጀመሩት።

«ምነው ተናደድክ፣ የኔ ልጅ?»

«ሸክላው ጎዶሎ ነው፣ እትዬ! ሪተርን ላድርግ ብል ሻጩ ሳቀብኝ።»

«የምን ዘፈን ነው?»

«ሮክ ነው። ባንዱ እኮ በዚህ አልበም ነው ዓለምን ያሳበደው! ደሴ እያለሁ ካሴቱን ክሩ እስኪሳሳ ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምኑ ጎደለ?»

«መጨረሻው! ጊታሩ ጮኾ ጮኾ ጸጥ ሲል ማሲንቆ ይገባል። ዩ ኖው፣ ምርጡ እሱ ነው!»

«ፈረንጅ ማሲንቆ መታ?»

«እኔንስ ያሳበደኝ እሱ አይደል!»

«ካሴቱን የት አስቀዳኸው?»

«እዚያው ደሴ፣ ፒያሳ፣ በሯ ሰማያዊ የሆነችው ሙዚቃ ቤት።»

«ወይኔ! የእኛ ቤት እኮ ናት! አልበሙ አልቆ ክር ሲተርፍ ወንድሜ ማሲንቆውን አንስቶ ይሞላው ነበር። ለደንበኛ ባዶ ክር መስጠት ነውር ነው ይል ነበር!»

«ወንድምዎ ነው? እኔ ለጓደኞቼ ሁሉ ጊታሪስቱ ነው ብያለሁ እኮ!»

«እሱ ካረፈ ወዲህ አንድ ካሴት እንኳ አልተረፈኝም። ያንተው አለ?»

«አለ! ቤት፣ ቴፑ ውስጥ ነው! ግን እርስዎ የት ነው የሚወርዱት?»

«መውረጃዬማ ይኸው አለፈ፤ ይለፍ!»

የኔም መውረጃ መጣ፤ ባሱን የሚያስቆመውን የደወል ገመድ ግን አልሳብኩትም።