አብሾ ወይስ እንቅልፍ

በ፲፱፻፳፬ ዓመተ ምሕረት፥ ሰኔ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ከፖስታ ቤት ሥራዬ ወጥቼ በጊዮርጊስ በኩል ስወርድ ከኮርቻ ሠሪው ከአቶ ወርቅአፈራሁ ጋር ተገናኘን። ጎረቤቴ ናቸው። ሌላ ጊዜ ሰላምታቸው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ያን ዕለት ግን አንድ ነገር በኩታቸው ሸሽገው በጎን ሊያልፉኝ ፈለጉ። እኔም ክፉ አመል አለብኝና የሚሸሸኝን ሰው አልለቅም።

«ምን ይዘዋል፥ አቶ ወርቅአፈራሁ?»

«ከእርስዎስ አልደብቅም፤ አብሾ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለብርሃነ ነው። ልብ ይከፍታል ይላሉ። ነገ በባዶ ሆዱ አጠጣዋለሁ።»

ደነገጥሁ። ብርሃነ አንድያ ልጃቸው ነው፤ በትምህርት ቤቱ የመጨረሻው ክፍል ደርሶ ለማለፊያው ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አብሾም የቆሎ ተማሪዎች ትምህርት ቶሎ እንዲገባቸው የሚጠጡት መድኃኒት ነው። ስንቱን ሊቅ አድርጓል ሲባል እንሰማለን፤ ስንቱን እንዳሳበደ ግን የሚቆጥር የለም።

«ምነው፥ ልጁ ሰነፈ እንዴ?»

«መምህሩ ‹በትምህርት ሰዓት ያንቀላፋል፤ እንዲህ ከሆነ አያልፍም› ብሎ ላከብኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። እሱ ከወደቀ እኔ ምን ቀረኝ?» አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ይህን ስንነጋገር ብርሃነ ራሱ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደረሰብን። ፊቱ ገርጥቷል፥ ዓይኑ ቀልቷል። እጅ ነሥቶን ቆመ። አባቱ ሊሸሽጉት ቢያስቡም እኔ ነገሩን አፈረጥሁት፤ ወሬኛ ቢሉኝም ግድ የለኝም።

«አባባ፥ ካልተቆጡኝ ልናገር» አለ ልጁ።

«ተናገር።»

«እኔ የጎደለኝ እንቅልፍ ነው እንጂ ልብ አይደለም። ዶሮ ሲጮኽ ይቀሰቅሱኛል፤ ውኃ እቀዳለሁ፥ ለበቅሎዋ ሣር አመጣለሁ፥ ከዚያ ትምህርት ቤት። ስመለስ ቆዳ እሰፋለሁ። ለቅሶ ሲኖር ድንኳን እተክላለሁ። መጽሐፍ የምገልጠው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። ታች ክፍል ሳለሁ ይህ ይበቃኝ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ሒሳቡም ፈረንሳይኛውም ጂኦግራፊውም በአንድነት መጡብኝ።»

«እንቅልፍና ስንፍና ወንድማማች ናቸው! የቆሎ ተማሪዎች ቁጭ ብለው አይደለም እንዴ የሚያነጉት? ካላዩ የሚባለውን የአጎቴን ልጅ አታውቀውም? አብሾውን ጠጥቶ ዳዊቱን በአንድ ወር በቃሉ ወጣው!»

«አውቃቸዋለሁ እንጂ። በአክስቴ ሠርግ አንድ ዋንጫ ጠላ ቢቀምሱ አብሾው ተነሥቶባቸው ልብሳቸውን ሲቀዳድዱ፥ በገመድ ታስረው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ያሰሯቸው እርስዎ ነበሩ።»

ልጁ ግን አባቱን ረትቶ ማሳፈር አልፈለገም፤ ይህን ወደድሁለት። ድምፁን አለዝቦ ጠየቃቸው።

«አባባ፥ በቅሎ መንገድ ላይ ስትደናቀፍ መጀመሪያ ምን ያያሉ?»

«ጭነቷን ነዋ! ኮርቻው ጎድቷት እንደሆነ፥ ጀርባዋ ተልጦ እንደሆነ አያለሁ።»

«አለንጋ አይጨምሩላትም?»

«አለንጋማ የሚያነሣ በቅሎ የማያውቅ…» ብለው ጀመሩና አፋቸውን ያዙ። ገባቸው። በአራዳ ከእርሳቸው ይበልጥ የበቅሎ ጀርባ የሚያውቅ የለም፤ የልጃቸውን ድካም ግን እስከዚያች ሰዓት አላዩትም ነበር።

«እንግዲያ ምን ላድርግልህ?» አሉ በመጨረሻ።

«እስከ ፈተናው ድረስ ውኃውንና ሣሩን ሌላ ሰው ያምጣልን። ቆዳውን ቅዳሜ ብቻ ልስፋ። ከራት በፊት ላጥናና በሦስት ሰዓት ልተኛ። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ልያዝ እንጂ ሁሉን በአንድ ቀን አላግበስብስ። እሑድ ግን መጽሐፍ አልነካም፤ ከጓደኞቼ ጋር እስከ ጃንሜዳ እንሸራሸራለን።»

«መጽሐፍ ሳይነኩ ፈተና ይታለፋል?» ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይታለፋል» አልኋቸው። «እኔ ተማሪ ሳለሁ ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ አድሬ፥ በማግሥቱ የመምህሬ ስም ጠፍቶኝ ቆሜ ቀርቻለሁ።»

ሽማግሌው ሳቁ። አብሾውንም ከኩታቸው አውጥተው ከቦዩ ውስጥ ጣሉት።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይኔ ያየሁት ነው። በሁለተኛው ሳምንት የልጁ ፊት ወዛ። ሦስት ሰዓት ይፈጅበት የነበረውን ሒሳብ በአንድ ሰዓት ይጨርሰው ጀመር። ዓመቱን ሙሉ ሲንጋደድ የከረመው የቆዳ ስፌቱ እንኳ በቅዳሜው ተቃና። እንግዲህ ልጅህ ከላይኛው ክፍል ደርሶ ቢያንቀላፋብህ፥ ሰነፈ ከማለትህ በፊት ያሸከምኸውን ቁጠር። ያረፈ አእምሮ ያነበበውን ይይዛል፤ የደከመ ግን መጽሐፉን ከማገላበጥ በቀር ምንም አያተርፍም።

ብርሃነ ፈተናውን አለፈ። አንደኛ አልወጣም፥ አራተኛ ነው የወጣው። እኔ ግን የማልረሳው የፈተናውን ዋዜማ ነው። ከሰዓት በኋላ በደጃቸው ሳልፍ አቶ ወርቅአፈራሁ በሩ ላይ በበርጩማ ተቀምጠው፥ ከዘራቸውን ይዘው ዘብ ይጠብቃሉ። እንጨት ሻጯ እየጮኸች ስትመጣ ብድግ አሉ።

«እባክሽ ቀስ በይ!» አሏት። «ልጄ ትምህርት ላይ ነው።»

በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና አሻግሬ አየሁ። ብርሃነ ያንኮራፋል።